አንጀት የሚበላ ትዕይንት እንዴት ይሠራል? ከስክሪፕት እስከ ኤዲቲንግ

የመጀመሪያ አጭር ፊልሜ ላይ አንዲት እናት አየር ማረፊያ በር ላይ ቆማ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ታለቅሳለች። የተዋናይቷ እንባ የእውነት ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ዋሽንት አስገብቼበታለሁ። ወደ ሠላሳ ሰው ሰብስቤ ሳሳየው ግን የማንም ዓይን እንባ አላቀረረም። ከኋላ ረድፍ ስልካቸውን የሚነካኩ ነበሩ። ሲያልቅ አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ለምን እንደምታለቅስ ሳላውቅ እኮ ነው ያለቀሰችብኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ትዕይንት ስጽፍ ይህን ንግግራቸውን ረስቼው አላውቅም።

ሙሾ የሚያወርዱ እናቶች ይህን ነገር ሲኒማ ሳይፈጠር ጀምሮ ያውቁታል። አልቃሿ «እዘኑ» አትልም። የሟቹን ጋቢ ታነሳለች፣ ከደጅ ሆኖ የሚጣራበትን አጠራር ታነሳለች፣ ለማንም ሳይናገር ይከፍልለት የነበረውን የጎረቤት ልጅ ታነሳለች። ድንኳኑ የሚናወጠው ያን ጊዜ ነው። ሐዘኑ ወደ ለቀስተኛው የሚሻገረው በጋቢው በኩል ነው። ፊልም ላይም ስሜት የሚጋባው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል፤ እንባው ከመምጣቱ በፊት ተመልካቹ እጅ ላይ ባስቀመጥነው ነገር።

እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ትዕይንት ይዤ ከጽሑፍ እስከ ኤዲቲንግ እሄዳለሁ። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ተዋናዮችና አንድ አሮጌ ስልክ ይበቃዋል። በሞባይል ካሜራም ይቀረፃል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እሁድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። የአስካለ ልጅ ሰናይት ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምትደውለው በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ረፋድ ላይ ብቻ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ መብራት የለም። የአስካለ ኖኪያ ባትሪው አንድ መስመር ቀርቶታል። አስካለ ቡና አፍልታ እየጠበቀች ሳለ ጎረቤቷ ሙሉ ትገባለች፤ የራሷ ስልክ ባትሪ ዘግቷል። «እትዬ አስካለ፣ ወንድሜ ሆስፒታል ገባ አሉኝ፤ አንዴ ልደውልበት?» ትላለች። አስካለ ስልኩን ትሰጣታለች። የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቀሪው የእኛ ሥራ ነው።

1. ፍላጎቷን ዕቃ ላይ አስቀምጡት

ካሜራ ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ገፀ ባህሪዋ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ የምትፈልገው ምንድን ነው? ካጣችውስ ምን ይቀርባታል? «ደስታ ትፈልጋለች» ወይም «ልጇ ናፍቃታለች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገና አልደረሳችሁም። «ስልኩ ሳይጠፋ የሰናይትን ድምፅ መስማት ትፈልጋለች፤ ካመለጣት ሌላ ሰባት ቀን ትጠብቃለች» ከሆነ ካሜራ ሊያየው የሚችል ነገር አገኛችሁ።

በ1948 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ፊልም «የብስክሌት ሌቦች» ለዚህ እስካሁን የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁለትም። ሥራ ፈቱ አንቶኒዮ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል፣ ብስክሌቱ ደግሞ ለብድር መያዣ ተሰጥቷል። ሚስቱ ማሪያ ያለ ብዙ ወሬ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ፣ ብስክሌቱን ለማስለቀቅ መያዣ ቤት ትወስዳቸዋለች። ሠራተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ እስከ ጣሪያ በሌላ ሰው አንሶላ የተሞላ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ እናያለን። ብስክሌቱ ሲሰረቅ የሚሰማን የብረቱ ዋጋ አይደለም፤ አንሶላ የሌለው አልጋ ነው። ዴ ሲካ ይህን ሁሉ ያደረገው ሌባው ገና ሳይመጣ ነው። አንቶኒዮን ሆኖ የተወነው ደግሞ ተዋናይ ያልነበረ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው።

ከእኛም ዳይሬክተሩ ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ፊልሙ ላይ ያደረገውን አስታውሱ፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ልጅ የቀረችው በጉ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል። ልጁ ስለ እናቱ ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም። በጉን ባቀፈ ቁጥር እናቱን እናስባለን።

ወደ አስካለ እንመለስ። ስልኳ ጀርባው እንዳይወድቅ በላስቲክ ታስሯል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ታወጣዋለች። ማያውን አብርታ አንዷን መስመር ታያለች፤ ወዲያው ታጠፋዋለች፣ ማብራቱ ራሱ ባትሪ ይበላልና። ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ፣ በጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች። አርባ ሴኮንድ ነው፤ አንድ ቃል አልተነገረም። ስክሪፕታችሁ ላይ «ውይ ልጄ፣ ዛሬ እንኳን ድምፅሽን ልስማው» የሚል ካለ ሰርዙት። ስልኩ ያንን ብሎታል።

ሰናይት እንደምትደውል ተመልካቹ በምን ያውቃል? ግድግዳ ላይ ፎቶዋ፣ ከሥሩ ደግሞ በእስክሪብቶ እሁድ እሁዱ የተከበበበት የቀን መቁጠሪያ። ያለፉት ሦስት እሁዶች ምልክት አላቸው፤ የዛሬው ባዶ ነው። ካሜራችሁ እዚያ ላይ ቆሞ አያስረዳ፤ አስካለ ፊት ለፊቱ ስታልፍ ይታይ፣ ይበቃል።

2. ማን ምን እንደሚያውቅ ወስኑ

በልብ ሰቀላ ፊልሞቹ የሚታወቀው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ለፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ፍራንሷ ትሩፎ ያስረዳው ነገር አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ሳይታሰብ ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚያገኘው የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ አስቀድሞ ካየ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ልብ ሰቀላ ይሆናል።

የእኛ ቦምብ ያቺ አንድ መስመር ናት። አስካለ ታውቃለች፣ ተመልካቹ ያውቃል፣ ሙሉ አታውቅም። ሙሉ በወሬዋ በዘገየች ቁጥር ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ «ንገሪያት እንጂ!» ማለት ይጀምራል። እዚያ ከደረሰ ከአስካለ ጎን ተቀምጧል ማለት ነው።

አስካለ ለምን አትናገርም? ይሉኝታ ይዟት። ይህን ለእኛ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁላችንም ውስጣችን እያረረ «ግድ የለም፣ ተጫወቺ» ብለን እናውቃለን። የእኛ ሰው ስሜቱን አደባባይ ከማውጣት ይልቅ ዋጥ ማድረግን ተምሮ ያደገ ነው፤ ይህ ለፊልም ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው። ብዙ ድራማዎቻችን ግን ይህንን ትተው ገፀ ባህሪው ደረቱን እየደቃ እንዲያለቅስ ያደርጋሉ። ያሳዝነኛል፣ እጃችን ላይ ያለውን ጥለን ነውና የምንሄደው።

አንድ ጥንቃቄ፤ ሙሉን ክፉ አታድርጓት። ወንድሟ በእውነት ታሟል። መጀመሪያ ስለ እሱ በጭንቀት ትጠይቃለች፣ ደህና መሆኑን ስትሰማ እፎይ ትላለች፣ ከዚያ ሰው እፎይ ሲል እንደሚያደርገው ወሬዋ ይረዝማል፤ ስለ አክስቷ፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ሙሉ ክፉ ብትሆን ተመልካቹ ይናደድባትና ይገላገላል። ደግ ከሆነች ግን የሚናደድበት አጥቶ እንደ አስካለ ጭንቀቱን ይዞ ይቀመጣል።

3. ካሜራው አስካለ ጋ ይቀመጥ

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩለሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም መምህር ምንም ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጣጠለው። ፊቱ ያው ነው፤ የተመለከቱት ግን አንዱ ላይ ረሃብ፣ ሌላው ላይ ሐዘን አነበቡበት። ተመልካቹ ባዶውን ፊት የሚሞላው እሱ ራሱ ባየው ነገር ነው።

ስለዚህ ቀረፃችሁን በሦስት በሦስት አስቡት። አስካለ ታያለች። የምታየውን እናያለን፣ ስልኩን በጎረቤቷ እጅ። ተመልሰን የአስካለን ፊት እናያለን። በሁለተኛው ጊዜ ፊቷ ምንም ባይለወጥ ይመረጣል። የምታየውን ስትቀርፁ ካሜራውን እሷ ከተቀመጠችበት ቦታ፣ በእሷ ዓይን ከፍታ አስቀምጡት። አስካለ ረከቦቱ ፊት በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ዓይኗ ከመሬት አንድ ሜትር እንኳ ላይርቅ ይችላል። ትሪፖዱን (የካሜራውን ማቆሚያ) ለቆመ ሰው ቁመት እንዳለ ከተዋችሁት ተመልካቹ ቁልቁል ያያታል፤ ከእሷ ጋር ሳይሆን በእሷ ላይ ይሆናል። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፣ ትሪፖድ ዝቅ ማድረግ ስለሰለቸኝ ብቻ።

ርቀትም ይናገራል። ሞባይል ላይ ቆማችሁ ዙም ከማድረግ በእግራችሁ ቅረቡ። ከሩቅ በዙም የተቀረፀ ፊት የተሰረቀ ይመስላል፤ ከአንድ ክንድ ርቀት የተቀረፀ ፊት ግን ትንፋሹ ይሰማል። ይህን እስከ ጥግ የወሰደው የሀንጋሪው ዳይሬክተር ላስሎ ኔሜሽ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «የሳኦል ልጅ» ፊልሙ፣ ኦሽዊትዝ በተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ውስጥ ያለውን ሰው ካሜራው ፊቱና ትከሻው ላይ ተለጥፎ ይከተለዋል፤ ከኋላው ያለው ዘግናኝ ነገር ፎከስ ጠፍቶበት ደብዝዞ ነው የሚታየው። ሰውየው ላለማየት የሚታገለውን እኛም ላለማየት እንታገላለን።

ክሎዝ አፕን፣ ማለትም ፊት ብቻ ስክሪኑን የሚሞላበትን ቀረፃ፣ ቆጥቡ። ሙሉ ስትገባ ሁለቱም የሚታዩበት ሰፊ ሾት (ቀረፃ)፣ ስልኩ ሲሰጥ እጅ ለእጅ፣ ወሬው ሲረዝም አስካለ ከወገቧ በላይ። የፊቷን ክሎዝ አፕ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ አስቀሩት። የትኛዋ እንደሆነች ከታች ትመጣለች።

4. ተዋናይዋን ስሜት ሳይሆን ሥራ ስጧት

«እዚህ ጋ ተጨነቂ» ያላችኋት ተዋናይ ጭንቀት ትሠራላችኋለች፤ ግንባሯን ትቋጥራለች፣ እጇን ታሻሻለች። እንዲህ በሏት፦ «ቶናውን ሳታፈሺ ቅጂ፤ ሙሉ እንዳታውቅብሽ፤ ግን ስልኩ ከዓይንሽ አይጥፋ።» ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ ሲኒው ሞልቶ ትንሽ ይፈስሳል። ያ የፈሰሰ ቡና የትኛውም እንባ የማይናገረውን ይናገራል። መጀመሪያ ቴክ (የቀረፃ ሙከራ) ላይ እንዲያው ሳይታሰብ ከፈሰሰ ዕድለኞች ናችሁ፤ አትቁረጡ፣ ካሜራው ይቀጥል።

5. በጆሮዋ አሰሙን

ፊልም መሥራት ለሚጀምር ሰው አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል ድምፅ ላይ ጊዜህን አጥፋ እላለሁ። ዓይን የሚያየውን ይመዝናል፣ ይጠራጠራል። ጆሮ በር የለውም።

«ዘ ጎድፋዘር» (1972 እ.ኤ.አ.) ላይ የማፊያ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ማይክል ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊገድል ተቀምጧል። ከሁለቱ አንዱ ያወራለታል፤ እኛ ግን እየጨመረ የሚመጣ፣ ጆሮ የሚበጥስ የባቡር ጩኸት እንሰማለን። ባቡሩ በፍሬም ውስጥ አይታይም። ጩኸቱ የማይክል ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። በዚያ ሰዓት ሙዚቃ የለም፤ የሚገባው ተኩሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ለአስካለ ባቡር አያስፈልገንም። ቤቱ ውስጥ ያሉትን ድምፆች ዘርዝሩ፤ ከሰሉ ይንጣጣል፣ ከውጭ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሙሉ ታወራለች። እያንዳንዱን ለብቻው ቅዱ፤ ሞባይላችሁን ወደ ምድጃው አስጠግታችሁ ሁለት ደቂቃ የከሰል ድምፅ ብቻ ያዙ። የሰዉ ድምፅ ከተዋናዮቹ አጠገብ በተደበቀ ሌላ ስልክ ይቀዳ። ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ በአስካለ ጆሮ አስተካክሉት። መጀመሪያ ሁሉም በልኩ ይሰማል። የሙሉ ወሬ ወደ ጤፍ ዋጋ ሲዞር ቃላቱ ቀስ እያሉ ይደብዝዙ፤ አስካለ ወሬውን እየሰማች አይደለምና። የልጆቹ ጫጫታ ይጥፋ። ከሰሉ ጎልቶ ይምጣ።

እዚህ ላይ ሙሉ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አድርጋ «እትዬ፣ ይሄ ጢጥ ጢጥ የሚለው ምንድን ነው?» ትላለች።

ክሎዝ አፑ ይኼ ነው። ባትሪው እየጮኸ ነው። አስካለ አሁን መናገር ትችላለች፤ በሩ ተከፍቶላታል። ሦስት ሴኮንድ፣ አራት ሴኮንድ ፊቷ ላይ ቆዩ። ከዚያ፦ «ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ ጨርሺ።»

6. ኤዲቲንግ፦ ለመቁረጥ አትቸኩሉ

ዋልተር መርች የሚባለው ኤዲተር አንድ ቁርጥ (ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው የሚታለፍበት ቦታ) የሚመዘንባቸውን ስድስት ነገሮች በመቶኛ አስቀምጧል፤ ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ሪትም 10፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ በአጠቃላይ 16። ከስሜት ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሾት መገጣጠም ጉድለት እንኳ ይታለፋል ማለቱ ነው። ሲኒው በአንዱ ሾት ሙሉ፣ በሌላው ጎደል ብሎ ቢታይ ተመልካች ላያስተውል ይችላል፤ የአስካለ ዓይን ስልኩ ላይ ሳያርፍ ብትቆርጡት ግን ያስተውላል፣ ምን እንደጎደለው ባያውቀውም።

አንድ የምሠራበት ዘዴ አለኝ። ሾቱን እያየሁ እኔ ራሴ «አሁን ስልኩን ማየት አለብኝ» ያልኩበት ቦታ ላይ እቆርጣለሁ፤ ያ የአስካለ ፍላጎት የእኔም የሆነበት ቅጽበት ነው። ክሎዝ አፑ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አደርጋለሁ፤ ለመቁረጥ እጄ ሲያሳክከኝ ከዚያ በላይ ሁለት ሴኮንድ እቆያለሁ። ተመልካቹ የራሱን ትዝታ የሚያስገባው በዚያች ትርፍ ጊዜ ነው።

መጨረሻውን እንዲህ ቁረጡት። ሙሉ ስልኩን ታያለች፦ «ውይ፣ ጠፋ መሰለኝ እትዬ፣ ይቅርታ።» አስካለ ትቀበላታለች። ሁለተኛውን ሲኒ ቀድታ ታቀብላታለች። የጠፋውን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ላስቲኩን ታስተካክላለች፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። ከፊቷ ወደ እጇ ውረዱና እዚያው ጨርሱ። ፊቷን እንደገና ማሳየት ያምራችኋል፤ ተዉት፣ ተመልካቹ በራሱ ውስጥ እያየው ነው።

7. ሙዚቃ

መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ጨርሱት። ያለ እሱ የማይሠራ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ በአብዛኛውም ቁጥር 1 ላይ። የሚሠራ ከሆነና አሁንም ከፈለጋችሁ፣ ስልኩ ከተቋጠረ በኋላ፣ ስክሪኑ ሲጨልም፣ ትንሽ ማሲንቆ ይበቃል።

8. ለሰው አሳዩት፣ ግን አትጠይቁ

ታሪኩን የማያውቁ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ፈልጉ፤ ጓደኛና ዘመድ ስለሚያዝንላችሁ አይሆንም። ስታሳዩ ስክሪኑን ሳይሆን ተመልካቾቹን እዩ። ሙሉ ስለ ጤፍ ማውራት ስትጀምር ከወንበሩ የሚንቀሳቀስ፣ ከንፈሩን የሚመጥ፣ «ኧረ!» የሚል አለ? ስልኩን የሚያወጣ ካለ ሴኮንዱን መዝግቡ፤ ገመዱ የተበጠሰው ምናልባት ከዚያ አሥር ሴኮንድ ቀድሞ ነው።

ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» ወይም «አሳዘነቻችሁ?» አትበሏቸው፤ ሁሉም አዎ ይላችኋል። «ስልኩ ስንት መስመር ነበር የቀረው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንድ» ካሏችሁ እሁዱን ከአስካለ ጋር ውለውታል። «የቱ ስልክ?» ካሏችሁ ደግሞ ወደ መስኮቱ ደፍ ተመለሱና እነዚያን አርባ ሴኮንዶች እንደገና ቅረፁ።